የወንድሜ መኪናና የጥር ሥላሴ

ጥቅምት ሰባት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከአሰቦት ስንመለስ ሚኤሶ ሳንደርስ የታናሽ ወንድሜ መኪና ግመል ገጨ። ግመሉ ሞተ። ከእኛ ከሦስታችን የተጎዳ አልነበረም።

እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ይህ የመቀመጫ ነገር ከአደጋው በፊትም ያንገበግበኝ ነበር። እናቴ ወር በገባ በሰባት አሰቦት ሥላሴን ትሳለማለች። ወንድሜ መኪና እስኪገዛ ድረስ ከጭሮ መናኸሪያ በሚኒባስ የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ጧፏን እይዝላታለሁ፣ ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ታንቀላፋለች። ወንድሜ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ መኪናውን ሲያመጣው የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሁሉ የማየው የእናቴን ማጅራት ነው። ያን ቀንም ብርቱካን እየላጠች ለሚነዳው ልጇ ታጎርሰው ነበር። ለእኔ አንዱን እንዳልተላጠ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ሰጠችኝ።

ግመሉ ከግራ በኩል ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ወንድሜ ፍሬን ያዘ፤ አልደረሰም። የፊት ቆርቆሮው ተጨራመተ፣ ሁለቱም ኤርባጎች ፈነዱ። እናቴን አውርጄ ጥላ ሥር ካስቀመጥኩ በኋላ፣ ማንም መኪናውን ሳይነካ፣ ዙሪያውንም ሥሩንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ጋዜጠኛ ነኝ፤ የሥራ ልማድ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የግመሉ ባለቤትና የአካባቢው ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተቀመጡ። እናቴ ሽማግሌ ፊት ክርክር እንደማያምር ለወንድሜ ነገረችው፤ እሱም ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። በካሳው ተስማሙ፣ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ «ታርቀናል እኮ። መኪናህን ሜዳ ላይ ጥለን ብንሄድ ነውሩ የእኛ ነው» አሉት። ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ አስቁመው መኪናውን በሰንሰለት አሰሩለት። ከዕርቅ በኋላ የቀረበን እርዳታ መግፋት ዕርቁን መግፋት ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ የት ላይ እንደታሰረ ማንም አልጠየቀም። እስከ ሚኤሶ ተጎተተ፤ ከዚያ ተጭኖ ጭሮ ጋራዥ ገባ።

ኅዳር ሰባት እናቴን በሚኒባስ ወሰድኳት። ጧፏን ያዝኩ። በደስታ ነበር የሄድኩት፤ የወንድሜ መኪና ጋራዥ ውስጥ አፍንጫው ተሰብሮ መቆሙ በደስታዬ ውስጥ ድርሻ እንደነበረው አልክድም። አሰቦት ልንደርስ ስንል እናቴ ወገቧን ይዛ፣ «ይህ ወንበር ፈጀኝ። የልጄ መኪና መቼ ይሆን የሚወጣው? ለጥር ሥላሴ እንኳ በደረሰልኝ» አለች።

የልጄ አለች። አጠገቧ ተቀምጬ።

በዚያው ሳምንት የኢንሹራንሱ ገማች ከአዳማ መጣ። መኪናው ሥር ተኝቶ ብዙ ቆየ። ሲነሳ የፊቱ ጉዳት የሚጠገን መሆኑን፣ ችግሩ ግን ሻንሲው፣ መላ መኪናውን የሚሸከመው ብረት፣ መጣመሙ እንደሆነ አስረዳን። ያጣመመው ግጭቱ ከሆነ መኪናው ሙሉ በሙሉ እንደወደመ ይቆጠራል፤ ድርጅቱ በውሉ የተጻፈውን ዋጋ ከፍሎ ስብርባሪውን ይወስዳል። ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። ውሉ ላይ ያለው የተገዛበት ጊዜ ዋጋ ነው፤ በዛሬ ገበያ ግማሽ መኪናም አይገዛም። እኔም ገባኝ። መኪናው ከተወሰደ ሌላ አይመጣም፤ ለጥር ሥላሴ እናቴ የምትሄደው ከእኔ ጋር ነው።

ገማቹ ከመጎተቱ በፊት መኪናውን ልብ ብሎ ያየው ሰው እንዳለ ጠየቀ።

«ጋሼ አለ» አለ ወንድሜ ወደ እኔ እያመለከተ። «እሱ ሰርግ ቤት እንኳ ሳህኑን ፎቶ ሳያነሳ አይጎርስም።»

መካኒኮቹ ሳቁ። ስልኬን አውጥቼ ሰጠሁት። ገማቹ ከሥር የተነሳውን ፎቶ አጉልቶ አየው። ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። ጥርት ያለ ፎቶ ነበር፤ ቢደበዝዝ ምንኛ በወደድኩ። ሰንሰለቱ በዚያን ሰዓት ታስሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልታሰረም አልኩ። ሻንሲውን ያጣመመው ጉተታው መሆኑን መዘገበ። ያንን ወንድሜ በራሱ ወጪ እንዲያቃና፣ የቀረውን ኢንሹራንሱ እንዲያስጠግን ተወሰነ።

ማታ እናታችን ቤት ወንድሜ ነገሩን አንድ በአንድ አጫወታት፤ ስለ ፎቶውም አልደበቀም። እናቴ ተነስታ ወንድሜን በሁለት እጇ ራሱን ይዛ መረቀችው። ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «አንተማ ሥራህ ነው» አለችኝ።

ታኅሣሥ ሰባትም በሚኒባስ ሄድን። መኪናው ከገና በፊት ከጋራዥ ወጣ።

ጥር ሰባት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መኪናው ከእናቴ በር ተነሳ። እናቴ ከፊት ነበረች፤ ቀበቶዋን ራሷ አሰረች። ከኋላ፣ እኔ እቀመጥበት በነበረው ወንበር፣ ሦስት ጎረቤቶቿ ተቀምጠው ነበር።