ከአቅመ ደካሞች መዝገብ የተሰረዘው አባቴ

እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ክፍሉን የሚያስቅ አንድ ቅጽል ነበር፤ «ኢምፖተንት»። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ወንዶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ሴቶቹ አፋቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ። ሐኪም ዘንድ ተደብቆ የሚነገር የወንድ ችግር ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ፊቴን ሳልፈታ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። ቃሉ ከላቲን ሲመጣ «ኃይል የሌለው» ከማለት ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። ድሮ እንግሊዞች በየደብራቸው ድሆችን ሲመዘግቡ ሽማግሌውን፣ ዓይነ ስውሩን፣ ሽባውን በዚህ ቃል ይጠሩት ነበር። በቃሉ የተጠራ እርዳታ ይገባዋል፤ ጤነኛ ሆኖ የለመነ ግን ይገረፋል። በአንድ ዘመን ደግሞ ራሱን መግዛት ያቃተውን ቁጡ ሰው ሁሉ እንዲሁ ይሉት ነበር። አሁን ወደ መኝታ ቤት ገብቷል። ተማሪዎቼ አንድ ቃል ይህን ያህል መዞሩ ይገርማቸዋል። እኔን አይገርመኝም። ዳባት አጠገብ ባለችው መንደራችን አንድ ቃል በሁለት ክረምት ሦስት ጊዜ ሲገለበጥ አይቻለሁ፤ መዝጋቢዋም እኔ ነበርኩ።

ቃሉ «አቅመ ደካማ» ነው። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ለዚህ ሹመት ያበቃኝ ስምንተኛ ክፍል መድረሴና የእጅ ጽሕፈቴ ማማሩ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ትምህርቴን፣ ከዓመታት በኋላ እስክመለስበት፣ ትቼ ቤቱን ያዝኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ግን ደባርቅ ቤት ተከራይቶ መማሩን ቀጠለ። ለአባታችን ያለው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነበር። አባቴ ወገቡን ታሞ ግማሽ ቀን ያርሳል፣ ግማሽ ቀን መደብ ላይ ይዘረጋል። ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ እርፍ እንዲያስይዘው የመከረው ሰው ሁሉ ተሰድቦ ተመልሷል።

ማኅበሩ የአቅመ ደካሞችን መሬት በጋራ ያርስ ነበር። ሊቀመንበሩ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሲወለድ አባቴ ያውቀዋል። አንድ ቀን መጥቶ «እርስዎንም እንመዝግብዎት» አለው። በመንደራችን ያን ጊዜ ሰውን ፊት ለፊት ደካማ ማለት ስድብ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እኔን ከለማኞች ጋር ደጀ ሰላም ልታስቀምጠኝ ነው?» ብሎ አባረረው።

ሰኔ ገባ፤ የገብስ ማሳችን ግን ገና አልታረሰም። ጦም ያደረ መሬት ለሌላ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ስለዚህ አባቴን ሳልጠይቅ ጻፍኩት።

አንድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው መጡና እኩለ ቀን ሳይደርስ ጨረሱት። አባቴ አልተቆጣም። ከዚያ የባሰ ነገር አደረገ፤ ወንፈል ነው ብሎ አሰበ። በእሱ ቤት ሰው መሬትህን ካረሰልህ አንተም ሄደህ ታርስለታለህ፣ ቀኑን በቀን ትመልሳለህ። ሌላ ዓይነት እርሻ አያውቅም። በሳምንቱ በሬዎቹን ነድቶ ከአሥራ ሁለቱ ወደ አንዱ ሄደ። ግማሽ ቀን አርሶለት ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቤት ገባ። ሁለት ቀን ተኝቶ ወደ ሁለተኛው ሄደ።

«አባዬ፣ መንግሥት ነው እኮ ያሳረሰልህ። አይመለስም» አልኩት።

«በሬዎቹ የመንግሥት ናቸው?» አለኝ።

ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩ በስብሰባ ተነሣ። ሊቀመንበሩ «ለሰባት ሰው ያረሰ አቅመ ደካማ አይቼ አላውቅም» አለ፤ ሰው ሳቀ፣ እጅም ወጣ። ቃለ ጉባኤውን በቆንጆ ጽሕፈቴ ጻፍኩ፤ «አቅመ ደካማ አለመሆናቸው በተግባር ስለተረጋገጠ ከመዝገብ ተሰርዘዋል።» አባቴ አጠገቡ ጣቱን አሳረፈ፣ ማኅተም ተመታ። በመንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ስሙ እንደጠራ እየነገረ ቤት ገባ። እኔም እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት።

በዓመቱ ክረምት የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። ከማኅበራችን ሁለት ወጣት ይፈለጋል። መመሪያው የአቅመ ደካማ አንድያ ወንድ ልጅ አይወሰድም ይላል። ይህ በተነበበ በሳምንቱ ምርኩዝ ያልያዘ አባወራ ከመንደሩ ጠፋ። ዓምና ኩንታል ተሸክሞ ዳገት ይወጣ የነበረው ሁሉ አነከሰ። ሊቀመንበሩ ራሱ ኩላሊቱን ይወጋው ጀመር። ዓምና ስድብ የነበረውን ቃል እኔ ቢሮ በር ላይ ተሰልፈው ይለምኑኝ ነበር። ወንድሜ ያን ሰሞን ትምህርት ተዘግቶ ከደባርቅ መጥቷል።

አባቴ ቢሮ መጣ። ወንበር ስሰጠው እንቢ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሲወለድ ያየውን ሊቀመንበር አንቱ አለው።

«ጌታዬ፣ እኔ አቅመ ደካማ ነኝ። ይጻፉኝ።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ ቃለ ጉባኤውን አንብቢ አለኝ። አነበብኩ። «በተግባር ስለተረጋገጠ» የሚለውን ጭምር። ያንን መስመር የጻፈ እጄን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ፤ እስከ ዛሬም እመኛለሁ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ሰው አምጣ ተብሎ ነበር፣ ሁለት ሰው አመጣ። ወንድሜ ከደባርቅ በጭነት መኪና ሄደ።

በነጋታው የአባቴን ስም እንደገና ጻፍኩ፤ በሌላ ዓምድ፣ «የዘማች ቤተሰብ» በሚለው ሥር። የዘማች ቤተሰብ መሬትም በጋራ ይታረሳል። እነዚያው አሥራ ሁለት ሰዎች መጥተው በግማሽ ቀን ጨረሱት። አባቴ ከማሳው ዳር ተቀምጦ ያያል። በሬዎቹ ሲፈቱ አንደኛው፣ ምናልባት ሊያጽናናው ብሎ፣ እየሣቀ «ዘንድሮስ ወንፈሉን መቼ ትመልሳለህ?» አለው።

«ልጄ ሄዶላችሁ የለም?» አለ አባቴ።

ሰዎቹ በሬዎቻቸውን እየነዱ ሄዱ። ወንድሜ በዚያው ቀረ።