ጥርስ ያለው ቄጠማ

እናቴ የወደቀችው የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ፣ አባቴ በገዛ እጁ የጎዘጎዘው ቄጠማ ላይ። እኔ ጓዳ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ አባቴ ደጅ ከበግ ሻጭ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ቴሌቪዥኑ ጣራ እስኪነሳ ይጮኻል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል «ዱብ» ሲል ሰምቼ ስሮጥ፣ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ እንዳሰረች በጀርባዋ ተዘርራ ኮርኒሱን ታያለች። ጫማዋ ሶፋው ሥር በሥርዓት ተቀምጧል። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስላት፣ «ምንም፤ ቴሌቪዥኑን ዝጊው» አለችኝ። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ነበር።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከታክሲው መንገድ እኛ በር ለመድረስ ያለው የድንጋይ ደረጃ ጤነኛውንም ሰው ያስቀምጠዋል። ስለዚህ እናቴ ቀዶ ጥገናውን ጨርሳ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ጳውሎስ አካባቢ ምድር ቤት የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘንድ አረፈች። «ፋሲካን ግን ቤቴ ነው የምውለው» አለች። ይህን ያለችው ገና ካልጋ ሳትነሳ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጎሚስታ ነበር። ሥራውን ካቆመ ቆይቷል፤ ሥራው ግን እሱን አልተወውም። ሰው ሲያይ ከፊቱ በፊት የጫማውን ሶል ያያል። የእናቴን አወዳደቅም የመረመረው እንደ ጎሚስታ ነው።

«ጥርስ አልነበረውም» አለኝ፣ ከሆስፒታሉ ስንወጣ።

«ምኑ?»

«ቄጠማው። ስገዛው እጄ ነግሮኝ ነበር። አገዳው ወፍራም፣ ላዩ ልሙጥ፣ ከታጨደ የሰነበተ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ነው ያነጠፍኩላት።»

ይህች ነገር በልቡ ገብታ ቀረች። ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር ወሬውን ዞሮ ዞሮ ቄጠማው ላይ ይጥለዋል። ቄጠማ የሚል ቃል ካፉ ሲወጣ ደግሞ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሱ ተነስቶ ይወጣል። «አልማረችኝም» ይለኛል፣ መንገድ ላይ ቆሞ። «እያለቀሰች እኮ ነው።» አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ትዳር በአንድ እቅፍ ሣር ሊፈርስ ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። እኔም ፊቷን ሳይ መጠራጠር ጀመርኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ አራት ሰው ተሸክሞት አሮጌ ባኞ ወደ ቤታችን ወጣ። እግር ያለው፣ ጫፉ የተላላጠ፣ ከፈረሰ ቤት የተገኘ የገላ መታጠቢያ ባኞ። አባቴ በሩ ግራ ላይ አስቀመጠው፤ ውሃ መውጫውን በጎማ ቁራጭ ለጥፎ ደፈነ፤ ከዚያ ውሃ ሞልቶበት ተቀመጠና አረፋ ይወጣ እንደሆነ አየ። አልወጣም። በማግስቱ ሱሉልታ ሄዶ በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ጭቃ ከነቄጠማው ሥር ይዞ መጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭቃውን ታቅፎ ስለተቀመጠ፣ ረዳቱ «አባት፣ እሱም ይከፍላል» አለው፤ አባቴም ለጭቃው ከፈለለት።

«ራሴ አበቅለዋለሁ» አለኝ። «ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ጥርስ ያለው። ለፋሲካ ስትመጣ ይሄን ረግጣ ትገባለች፤ ያኔ ልቧ ይመለሳል።»

ቄጠማ ከውሃ በቀር ከሰው የሚፈልገው ነገር የለም። ችግሩ ውሃ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን ፈረቃውም አንዳንዴ ተራውን ይረሳል። በዚያ ላይ በጋ ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ድንጋይ አናት፣ ረግረግ ሊያለማ የተነሳ ሰው ከአባቴ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ቄጠማው ግማሽ ቀን እግሩ ከደረቀ ጫፉ ቢጫ ይሆናል፤ ጫፉ ቢጫ ሲሆን አባቴም አብሮ ይገረጣል። ስለዚህ ቤቱ በአዲስ ሕግ መተዳደር ጀመረ። የምስር እጣቢ ለቄጠማ። የሩዝ እጣቢ ለቄጠማ። ፊት የሚታጠበው ባኞው ላይ አጎንብሶ ነው። ሳሙና አንድ ጊዜ ገብቶበት ከዳር ያለው ስለጠወለገ፣ ሳሙና ከነጭራሹ ተከለከለ። ለሥራ በወጣሁ ቁጥር እኔ ምስር ምስር እሸታለሁ፤ ቄጠማው ግን ይለመልማል። እህቴን ለእናቴ እንዳትናገር አስምዬ ስልክ ላይ ስነግራት «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብላ ሳቀች። ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣው እሷ ብትሆን ኖሮ አትስቅም ነበር።

ከሱሉልታው ጭቃ ጋር እንቁራሪት መጥታ ኖሯል። ጥር ላይ መጮህ ጀመረች። የጎን ጎረቤታችን፣ ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚሸጡ ቁጡ እናት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «እናንተ ቤት የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉ።

«የበራችን ማጠፊያ ነው፤ ዘይት ይፈልጋል» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«በሩ ተዘግቶም ይጮኻል እኮ!»

«ለዚያ ነው ከባድ የሆነው።»

ሴትዮዋ በማግስቱ በብርጭቆ ዘይት ላኩለት። አባቴ ውሸቱ እንዳይነቃበት በሩን ቀባው።

ከሁሉም የከፋው ፈተናው ነበር። በየሳምንቱ አንድ እፍኝ ያጭድና መተላለፊያው ላይ ጎዝጉዞ እኔን ያስኬደኛል። «በካልሲ። አሁን በነጠላ ጫማ። አሁን ነጠላ ጫማውን አርጥቢው።» ራሱ ተንበርክኮ ጆሮውን ወለሉ ላይ ያደርጋል፤ እርምጃዬን ያዳምጣል። «ዙሪ። ፍጥነት ጨምሪ።» ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሮጦ መጥቶ ያነሳው ቄጠማውን ነው። እያገላበጠ አይቶ፣ «ጥፋቱ ካንቺ ነው፤ ተረከዝሽን ቀድመሽ ትረግጫለሽ» ይለኛል። ተናድጄበት ቀና ስል ፊቱን አየዋለሁ፤ ሲያሳዝነኝ ደግሞ ነጠላ ጫማውን እንደገና አረጥበዋለሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ እናቴ በመደገፊያ ብረት ጥቂት ጥቂት መራመድ ጀመረች። ሐኪሙ ወደ ቤት ሂጂ አላት፤ ግን እንዳትወድቅ ወለሉ ባዶ ይሁን፣ ምንጣፍ፣ ሸራ፣ ምንም የሚያንሸራትት ነገር እንዳትረግጥ አለን። አባቴ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቄጠማስ?»

«በተለይ ቄጠማ!» አለ ሐኪሙ።

እናቴ ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አባቴ ታክሲ ውስጥ «እሱ የሚያውቀው የገበያውን ነው» አለኝ። ድምፁ ግን ራሱንም አላሳመነውም። ከጥቅምት ጀምሮ ያሳደገው ይቅርታ ሊረገጥ እንደማይችል ያኔ ገብቶታል።

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ ጎረቤቶች እናቴን በወንበር ተሸክመው ደረጃውን አወጧት። አባቴ ፊት ፊት እየሄደ ድንጋዩን በነጠላው ይጠርግ ነበር። ተሸካሚዎቹ በሩ ላይ አውርደዋት፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባብለው፣ ዶሮው ሳይቀዘቅዝ ብለው ወደየቤታቸው ተጣደፉ። ሦስታችን ቀረን። እናቴ ባኞውን አየችው። ቄጠማው ደረቴ ድረስ ይደርሳል፤ እንዲያ ያለ አረንጓዴ በዚያ ወር በሰፈራችን አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ንግግሩን ሲለማመደው ስለከረመ በቃሌ አውቀዋለሁ። «የዚያን ቀን ያነጠፍኩልሽ ቄጠማ ጥርስ አልነበረውም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን ያበቀልኩት ረግጠሽ እንድትገቢና ይቅር እንድትይኝ ነበር። አሁን ደግሞ አትረግጪውም ተባለ።» እዚህ ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ይሄኛው ልምምዱ ላይ አልነበረም።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ልታደርግ ጀመረችና ተወችው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፤ «ቄጠማው ምንም አላደረገኝም።»

«አንሸራቶሻል።»

«ስጨፍር ነው የወደቅኩት።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኛ ቤት ጉድ ግን መስከረምን አልፎ እስከ ፋሲካ ተደብቆ ቆየ። አባቴ ወደኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ባኞው ዞርኩ።

«ብቻሽን?»

«ታዲያ ከማን ጋር? አንተ ደጅ ከበግ ጋር ትጨቃጨቃለህ።»

«በየትኛው ዘፈን?»

እናቴ ነጠላዋን ጎተተች። «ዘፈን አልነበረም። ማስታወቂያ ነው።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«የልብስ ሳሙና።»

ከባኞው ውስጥ እንቁራሪቷ አንዴ ጮኸች። እናቴ ያን እንኳን አልሰማችም፤ አንዴ ከጀመረች መቆም አቃታት። «ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አንተ ቀድመህ ቄጠማ ነው አልክ። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ለሳሙና ስትጨፍር ተሰበረች ይበሉኝ? ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ቄጠማ ባልክ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ ስስቅ ደግሞ ስፌቱ ያመኛል። ለዚያ ነበር ፊቴን የማዞረው። ይሄን ሁሉ ስትሸከም መክረምህን ግን አላወቅኩም። ማርያምን፣ አላወቅኩም!» አሁን ታለቅስ ነበር።

እሷን ደግፌ አስገብቼ ሶፋው ላይ ሳስቀምጣት ከውጭ የማጭድ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ነቅሎ ሊጥለው ነው ብዬ ልወጣ ስል፣ ቄጠማውን ሙሉ ታቅፎ፣ ሸሚዙ በውሃ ርሶ ገባ። ምኑንም ሳይቆጥብ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ጎዘጎዘው። ከዚያ በርጩማ አምጥቶ የእናቴን እግሮች አንድ በአንድ አነሳና ላዩ ላይ አሳረፋቸው፤ ቄጠማው እንዳይነካቸው።

«ሐኪሙ እንዳትረግጪው ነው ያለው» አላት። «እንዳትጨፍሪ አላለም። እስክስታ በትከሻ ነው።»

ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረው። ጠበቅን። ዜና መጣ፤ የበዓል መልእክት መጣ፤ የቀለም ማስታወቂያ፣ የፓስታ ማስታወቂያ። ዶሮው ቀዘቀዘ። አባቴ በእግሩ ቆሞ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ይጠብቃል።

ሳሙናው መጣ። እናቴ መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ አንድ ትከሻዋ ተነሳ፤ ከዚያ ሁለተኛው። አባቴ በሰርጋቸው ቀን እንኳን አልጨፈረም፤ ይህን እናቴ ስታነሳበት ነው የኖረችው። አሁን ጫማውን አውልቆ ሶፋው ሥር አስቀመጠና፣ ባሳደገው ቄጠማ ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ የቀኝና የግራ ትከሻው ሳይስማሙለት ይወዘወዝ ጀመር።

እናቴ ትከሻዋን ሳታቆም እጇን ዘረጋችለት።

«ቀስ በል» አለችው፤ «ትወድቃለህ።»