ሁለተኛው ሽማግሌ ጥጋቡ

ንፋስ መውጫ ላይ ላቀው ሸበተ ተባለ። ዩጋንዳ በሄደ በዓመት ከሁለት ወሩ፣ ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ፀጉሩ ጥጥ መስሎ፣ ከዘራ ይዞ፣ ከአንድ ጋናዊ ጋር ከደጅ ደጅ እየዞረ በሽምግልና ለሰው ሚስት ይለምናል ተባለ። ወሬው ዓርብ ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍሮ ቅዳሜ ወገዳ ገበያ ሲደርስ ደግሞ ሚስት የሚለምነው ለራሱ ሆነ። አንድም ቤት እሺ አላለውም፤ እንዲያውም ውሻ ለቀውበታል ተባለ።

የውሻው ነገር እውነት ነው። የቀረው ውሸት ነው። ላቀው አልሸበተም፤ ጺሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። ከዘራ የለውም። ሚስትም አልጠየቀም፤ እንኳን ሚስት ሊጠይቅ፣ አገልግሎቱን እስኪጨርስ ድረስ ከሴት ልጅ ጋር ሻይ ቤት መቀመጥ አይፈቀድለትም። ሻዩ ራሱም አይፈቀድለትም።

ጣጣውን ያመጣችው ደረቱ ላይ የምትለጠፍ አንዲት ጥቁር ባጅ ናት። ላቀው ምባሌ በምትባል የዩጋንዳ ከተማ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናዊ ነው። እዚያ ወንድ ሚስዮናዊ ሁሉ፣ አፉ ላይ ወተት ያልደረቀለትም ቢሆን፣ «ኤልደር» ይባላል፤ ከዚያ ቀጥሎ የቤተሰብ ስሙ ይጻፋል። ላቀው ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውም። እንደ አገሩ ሰው የራሱ ስም አለው፣ ቀጥሎ የአባቱ ስም አለ፣ አበቃ። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያው ሳምንት ጉሮሮው እስኪደርቅ ታግሏል።

«ጥጋቡ አባቴ ናቸው። እኔ ላቀው ነኝ።»

«ገባን፣ ኤልደር ጥጋቡ» አሉት።

ባጁም እንደዚያው ተጽፎ መጣ።

ኢንተርኔት ጠፍቶ ከርሞ በተመለሰ ሰሞን ላቀው ለእህቱ ለምሥራቅ ፎቶ ላከላት። ምሥራቅ ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ ባጁን በስልኳ አጉልታ አነበበችና ለጓደኞቿ «ኤልደር ማለት ሽማግሌ ማለት ነው» ብላ ተረጎመችላቸው። እንግሊዝኛዋ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ጥጋቡ መኖራቸው ነው። አንደኛው ባለ ወፍጮው ጥጋቡ ይባላል፤ ሌላው ሽማግሌው ጥጋቡ። ሽማግሌው ጥጋቡ የላቀው አባት ናቸው። ድንበር የተጋፋ፣ ሚስቱ አኩርፋ የሄደችበት፣ ደም የተቃባ ሰው ሁሉ የሚልከው እሳቸው ዘንድ ነው። እንግዲህ ልጅየው የአባቱን ስም ከነማዕረጉ ጠቅልሎ ዩጋንዳ የገባ መሰለ።

ላቀው ይህን አልሰማም። እሱ የራሱ መከራ አለበት። ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይነሣል፤ ይጸልያል፣ ያነባል፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከረባቱን ያስራል። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዙ በቀይ አቧራ የሸክላ ድስት መስሏል። ምሳ ማቶኬ ነው፤ ያልበሰለ ሙዝ ተቀቅሎ የሚደቆስ ምግብ። ትናንትም ማቶኬ ነበር። ነገም እንደማይቀርለት ያውቃል። ሚስዮናዊ ብቻውን አይሄድምና አዶማኮ የሚባል ጋናዊ ተመድቦለታል። ፀጉሩን ሲቆረጥ አዶማኮ አለ። ጫማ ሲለካ አዶማኮ አለ። ሽንት ቤት ገብቶ ትንሽ ከዘገየ አዶማኮ በሩ ላይ ቆሞ የአራት ሰው መዝሙር ለብቻው ይዘምራል።

የምባሌ ሰው ደግሞ እንደ አገሩ እንደ ጋይንት ሰው ፊት ለፊት «ሂድልኝ» አይልም። ፈገግ ብሎ «ነገ ኑ» ይላል። አንድ ጎልማሳ ሦስት ወር ሙሉ «ነገ ኑ» ሲላቸው ቆይቶ በአራተኛው ወር ቤት ቀየረ።

ቢሆንም ላቀው ያመነው ከልቡ ነው። አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሊሠራ በሄደ ጊዜ እዚህች ቤተ ክርስቲያን ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ ብለውት ገባ። ከእንግሊዝኛው ብዙ አልያዘም። አንድ ነገር ግን ሰምቶ ዕንባው መጣ፤ ቤተሰብ በሞት እንኳ አይለያይም የሚለውን። ይህን ይዞ ተጠመቀ። አባቱ ሲሰሙ «የአባቶቹን ሃይማኖት ጥሎ የሄደ ልጅ አላውቅም» አሉ፤ ካሉ ሁለት ዓመት ተኩል ሆናቸው፣ ድምፃቸውን አላሰሙትም። ላቀው በየደጁ ቆሞ ቤተሰብ ለዘላለም አይለያይም ብሎ ያስተምራል፤ የገዛ አባቱ ግን ስልክ አይቀበሉትም። ይህን ለአዶማኮ ሊነግረው ያስብና፣ ይዘምርበታል ብሎ ይተወዋል።

ሰኞ ልብስ የሚታጠብበት፣ ቤት የሚደወልበት ቀን ነው። ሰኞ በመጣ ቁጥር ላቀው እናቱን ወይዘሮ ላቀችን አንድ ነገር ይጠይቃታል።

«አባዬ አሉ?»

«አሉ። ግን የሉም» ትለዋለች።

ያን ሰኞም ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ደወለ። እናቱ እንደ ልማዷ ከጾሙ ጀመረች።

«ልጄ፣ ረቡዕን ትጾማለህ?»

«እማዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ! እኛ የምንጾመው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው።»

«በሰንበት?»

«አዎ።»

«እህል ሳትቀምስ?»

«ውኃም ሳልቀምስ።»

«በሰንበት ጾሞ፣ በረቡዕ ሥጋ!» አለች። «እኔስ ሌላውን ትቼዋለሁ፤ ቀኑን እንኳ የሚያሳያቸው ሰው ጠፋ?»

ላቀው ግንባሩን በአረፋ እጁ ያዘ። ያንኑ ጥያቄ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ከወዲያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማው። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ማን ልበል?»

ላቀው ዘሎ ተነሣ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስቦታል፤ የሚለውንም አጥንቷል። ነገር ግን በቀን ዐሥር ሰው «ማን ልበል?» የሚለው ልጅ ነውና፣ ምላሱ በለመደው መንገድ ሄደ።

«ኤልደር ጥጋቡ ነኝ።»

አጠገቡ ልብስ እያጠበ የሚዘምረው አዶማኮ «ኤልደር» ሲባል ሰምቶ መዝሙሩን አቆመ።

«ጥጋቡማ እኔ ነኝ!» አሉ አባቱ።

«አባዬ፣ አምልጦኝ ነው፣ እኔ…»

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«እኔ መጀመሪያ ለደም ዕርቅ ስቀመጥ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔም ከዳር አስቀምጠውኝ፣ እንድሰማ እንጂ እንድናገር አልተፈቀደልኝም። ቅዳሜ ለድንበር ዕርቅ ብቀመጥ፣ ሁለት ዓመት የተኳረፉ ሰዎች ተያዩና፣ ‹አያ ጥጋቡ፣ የእርስዎን ቃል እንስማ ወይስ የዩጋንዳውን እንጠብቅ?› ብለው ተሳሳቁ። በዚያው ታረቁ። በእኔ ቃል አይደለም፤ በእኔ ስቀው!»

«አባዬ፣ ማዕረግ ብቻ ነው። እዚህ ወንዱ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚባለው።»

«ሁሉ ሽማግሌ ከሆነ የሚጣላው ማነው? ለመሆኑ አንተ ስንት ሰው አስታረቅህ?»

«አራት» አለ ላቀው፣ ያስጠመቃቸውን ቆጥሮ።

«ማንን ከማን?»

«ከእግዚአብሔር ጋር።»

«እሱ ደግሞ መቼ ተጣላ!»

ምሥራቅ ከወዲያ ኪኪ ስትልና እናቷ ስትቆነጥጣት ተሰማ። አባቱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሁለት ባለጋራ ፊት ለፊት ሲያስቀምጡ የሚናገሩበት ድምፅ ነው።

«በል ስማ። ያን ነገር ከደረትህ ንቀለውና ና ግባ። እኔም ያለፈውን ትቻለሁ።»

ላቀው ለሁለት ዓመት ተኩል የጠበቀው ቃል ይኸው መጣለት፤ የመጣው ግን ከነቅድመ ሁኔታው ነው።

«ዐሥር ወር ይቀረኛል፣ አባዬ።»

«ዛሬ ነው ያልኩህ።»

«አልመጣም። እውነቱን ልንገርዎ? ፀሐዩ አንገሽግሾኛል። ሙዙ አንገሽግሾኛል። ይህ አጠገቤ የቆመው ሰውዬ አንገሽግሾኛል። ያመንኩትን ግን አምኛለሁ። ስሙንም አልሰረቅኩም፤ እርስዎ ነዎት የሰጡኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ከኋላዬ ነው ያለው።»

እናቱ ስልኩ እንዳይዘጋ ፈርታ መካከል ገባች።

«ተዉ እንጂ! አንተም ተው። አባትና ልጅ በስልክ አይካሰስም። የእናንተን ነገር ሽማግሌ ይየው።»

«የቱ ሽማግሌ፣ እማዬ?» አለ ላቀው፣ ትዕግሥቱ አልቆ። «ሽማግሌው ጥጋቡ እሳቸው፣ ሽማግሌ ጥጋቡ እኔ። ሁለታችንም ተጣልተን ቁጭ ብለናል። አስታራቂው ከየት ይምጣልሽ?»

አባቱ ግን ስልኩን አልዘጉትም።