እንደ ሳምፕሉ

ያንን የፕላስቲክ ማርሽ የፈበረከውን ሰው ዛሬም ባገኘው የምለው አላጣም። ካዛንቺስ ጓሯችን ካለችው ሰርቪስ ውስጥ የተከልኳት ትንሽ ሚሊንግ ማሽን ብረት ትቆርጣለች ተብላ የተሸጠችልኝ ናት። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኛት ማርሽ ግን ፕላስቲክ! የአባቴን ዊልቸር የፊት ጎማ የሚይዘውን ብረት እየቆረጥኩ ግማሽ ላይ ስደርስ የማርሹ ጥርስ ረገፈ። የድሮው ብረት ተሰብሮ አባዬ ከቤት ሳይወጡ ወር ሊሞላቸው ነው፤ የሚሸጥ ደግሞ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ማርሹን በብረት ላስቀይር ብዬ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ብረት የሚቀርጽ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቀኝ «ሳምፕሉን ተውልኝ» አለ። ተውኩለት። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና፣ መብራት ጠፍቶ ነው ሲለኝ ከርሞ በሦስተኛው ሳምንት ሰጠኝ። ገጥሜ ማሽኗን ሳስነሳት ማርሹ ይንኳኳል፣ ይዘላል። አውጥቼ ከአሮጌው ጋር ሳስተያየው ደሜ ፈላ። የረገፉትን ጥርሶች ሞልቶ፣ የቀሩትን ተበልተው እንደቀጠኑ ቁጭ አድርጎ ገልብጧቸዋል!

ተመልሼ ሄጄ ጮህኩበት።

«እንደ ሳምፕሉ ነው የሠራሁት ወንድሜ። ማለቴ፣ ሌላ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ዐይን የለህም እንዴ? ማለቁ አይታይህም?»

«ያመጣኸውን ነው የሠራሁት፤ በቃ።»

እየተቃጠልኩ ቤት ገባሁና ሁለቱን ማርሾች አባዬ ፊት ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ሰውዬውን እረግም ጀመር።  አባዬ አንዱን አንስተው ጥርሶቹን በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ።

«ወረቀትና ኮምፓስ አምጣ» አሉ።

ሠላሳ ዓመት ቴክኒካል ድሮዊንግ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የጥርሱን ቁጥር፣ ውፍረቱንና ቁመቱን አስልተው፣ ንጹህ ንድፍ ሠርተው ሰጡኝ። ከዚያ ከእኔ በባሰ ቁጣ፦

«ሰውዬውን ምን አድርግ ነው የምትለው? የተበላሸ ሰጥተኸው ደህና ይስጠኝ ትላለህ! ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው እዚህ ስቀመጥ፣ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? እግሬ ነው እንጂ ራሴ መቼ ታመመ?»

አፈርኩ። 

ንድፉን ለዚያው ባለሙያ ወስጄለት የሠራው ማርሽ ልክክ ብሎ ገባ፤ የዊልቸሩም ብረት ተቆርጦ ተገጠመ። «ኳስ ሊያዩ ስታዲየም ልውሰድዎት?» ብላቸው «መጀመሪያ ቶርኖ ቤት» አሉ። በዚያ በተቦዳደሰ መንገድ እየገፋሁ አደረስኳቸው። ባለሙያው ንድፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ይሄን የሠሩት እሳቸው ናቸው ስለው እጁን ጠርጎ በርጩማ ሳበና አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እንኳን መጡ። ይቺ መስመር ምንድን ናት? ያስረዱኝ» አላቸው።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ስረግመው የከረምኩት ሰው፣ እኔ ሁለት ወር ያልጠየቅኳቸውን ገና እንዳያቸው ጠየቃቸው። አባዬ እርሳስ ተቀብለው ማስረዳት ጀመሩ። እስኪመሽ እዚያው ቆየን፤ እኔን ያናገረኝ ሰው አልነበረም።