«አንቺ» የምትላቸው አንዲት ልጅ

ዳንግላ ውስጥ እትዬ ሸጋን «አንቺ» የሚል አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሷም ገና አምስት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃቸው ሀይማኖት ነበረች። እኩዮቻቸው አንድ በአንድ አልቀዋል፤ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው ፀጋው «እርስዎ» ነው የሚላቸው፤ ሚስቱ ስሜነሽም እንደዚያው። የጋሪ ነጂዎቹም ለፈረሶቻቸው ሳር ሊገዙ ከግቢያቸው ሲገቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው። ሀይማኖት ብቻ ከድርቆሹ ክምር ላይ ወጥታ «እናቴ፣ ነይ እዪኝ» ትላለች።

እንዲህ በያቸው ያላት የለም። አባቷ ፀጋው በመተማ አድርጎ ከአገር ሲወጣ ገና ዳዴ ትል ነበር። ቤቱ ውስጥ «እናቴ» ሲባል የምትሰማው እትዬ ሸጋን ነው፤ የወለደቻት ደግሞ በሁሉም አፍ ስሜነሽ ነበረች። ልጅቱ የሰማችውን ያዘች። በዚህ አገር ብዙ የበኩር ልጅ እንዲህ ያድጋል፣ አያቱን እናቴ፣ እናቱን በስሟ እየጠራ፤ ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም።

ፀጋው ሊቢያ ከደረሰ በኋላ አስራ አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ደወለና «ውሃውን ተሻገርኩ» አለ፤ ሌላ ነገር ማውራት አልቻለም። እትዬ ሸጋ በዕድሜያቸው ያዩት ትልቅ ውሃ የዘንገና ሐይቅ ነው። በልጅነታቸው ከአፋፉ ቆመው፣ መጨረሻውን ያየ ሰው የለም ሲባል ሰምተው፣ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። ባሕሩን በዘንገና ለክተው ሊያስቡት ሞከሩ፤ አልያዝ አላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታቸው። የታሰረውን ሳር ይፈታሉ፣ መልሰው ያስራሉ፣ እስከ በር ሄደው ይመለሳሉ።

ፀጋው ስዊድን ገብቶ የመኖሪያ ወረቀት ሲያገኝ ሚስቱንና ልጁን ለመውሰድ አመለከተ። በሁለት ሺህ ስምንት፣ ኅዳር ላይ፣ ስሜነሽና ሀይማኖት ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ተጠሩ። ልጅቱ ያለ እትዬ ሸጋ አውቶቡስ አልሳፈርም ስላለች እሳቸውም አብረው ሄደው ከኤምባሲው አጥር ውጭ ቆዩ።

ውስጥ የሆነውን ስሜነሽ ስትወጣ ነገረቻቸው። የውጭ አገሯ ሴትዮ ለልጅቱ ከረሜላ ሰጥታ፣ እናትሽ ማን ትባላለች ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀቻት። ሸጋ፣ አለች። የት ነው ያለችው? ውጭ፣ በሩ ላይ። ይቺ አጠገብሽ የተቀመጠችውስ?

«ስሜነሽ ናታ» አለች ሀይማኖት፣ ከረሜላዋን እየላጠች።

ስሜነሽ ላስረዳ ስትል፣ ልጅቱ ራሷ ትናገር ተባለች። ከወር በኋላ በፀጋው በኩል መልስ መጣ። እናትነቷ ስላልተረጋገጠ ጉዳዩ ቆሟል፤ የሁለቱም ምራቅ ተወስዶ ይመረመራል፤ ልጅቱም ዳግመኛ ልትጠየቅ ትችላለች።

ስሜነሽ ማንንም አልወቀሰችም። ልብስ እያጠበች ዝም ብላ ታለቅሳለች። እትዬ ሸጋ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ያጣመምኩት እኔ ነኝ» አሏት። «እኔው አቃናዋለሁ።»

በማግስቱ ሀይማኖት «እናቴ» ብላ ስትጣራ ወይ አላሏትም። ደግማ ተጣራች። ቀሚሳቸውን ጎተተች፣ በአንገታቸው ሳር ከተተችባቸው። እሳቸው በጣታቸው ወደ ስሜነሽ እያመለከቱ፣ እናትሽ ያቻት፣ እኔ አያትሽ ነኝ አሏት። ልጅቱ ጣታቸውን እንጂ ስሜነሽን አላየችም።

«ተጣላሽኝ?»

«አልተጣላሁሽም።»

«ታዲያ ለምን ወይ አትዪኝም?»

እትዬ ሸጋ ተነስተው አጥሩን ዞሩት።

ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ፣ ከጋሪ ነጂዎቹ ጨዋታ የማያልቅበት አድማሴ ሳር ሊገዛ መጣ። «እትዬ፣ ከእናትነት ተሻሩ አሉ» አላቸው። «ክፍት ቦታ ካለ እኔን ልጅ ያድርጉኝ፤ ሳሩን በነፃ እወስዳለሁ።»

«አንተንማ ባዝራህም ወለድኩ አትልም» አሉት። አድማሴ እየሳቀ ሳሩን ጫነ። እሳቸው ግን ከድርቆሹ ጀርባ ገብተው ብዙ ቆዩ።

ፋሲካ ሲደርስ ልጅቱ ለምዳለች። ስሜነሽን እናቴ፣ እትዬ ሸጋን አያቴ ትላለች። ነገር ግን ቃሉ ብቻውን አልመጣም። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እናቷ ሽማግሌ እንደምታስተናግደው አድርጋ፣ «አያቴ፣ ይብሉ እንጂ» አለቻቸው። ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ። ቢያርሟት ደግሞ ሁሉም ነገር ሊደባለቅባት ነው፤ ነገ ተጠርታ ብትጠየቅስ? ጉርሻውን ጎረሱት።

የምራቁ ውጤት ነሐሴ ላይ መጣ። ስሜነሽ እናቷ ናት ይላል። ልጅቱን ዳግመኛ የጠየቃት የለም። ያን ሁሉ ወር የለፉበትን ቃል አንድም ባለሥልጣን ሳይሰማው ጉዞው ተፈቀደ።

ጥቅምት ላይ እናትና ልጅ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሀይማኖት በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «እርስዎስ መቼ ይመጣሉ?» አለች። እትዬ ሸጋ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሾፌሩ ነካው። አውሮፕላኑ በባሕሩ ላይ እንደሚያልፍ የነገራቸው አድማሴ ነው፤ ከነገራቸው በኋላ ውሃውን አይነካም ብሎ ቢምልም አልረዳቸውም። ደርሰናል የሚል ስልክ እስኪመጣ አንድ ጭነት ሳር ሦስት ጊዜ ፈተው አሰሩ።

ከዚያም ቢሆን እግራቸው አላረፈም። ማለዳ ማለዳ በሩን ከፍተው መንገዱን ያያሉ። ከመንገድ የሚመጣ እንደሌለ ያውቁታል።

አንድ ጠዋት አድማሴ ጋሪውን ከነፈረሱ በራቸው ላይ አቁሞ ስልኩን ሰጣቸው፤ ፀጋው በኢሞ የደወለው በእሱ ስልክ ነበር። ምስሉ ተጨማደደ፣ ጠፋ፤ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«እናቴ» አለች ሀይማኖት።

እትዬ ሸጋ አልመለሱም። ስሜነሽን የጠራች መሰላቸው፤ አፋቸውም ዝም ማለቱን ለምዶታል። ወዲያ ማዶ ፀጋው ኔትወርኩ ሄደ መሰለኝ ሲል ተሰማ።

«አልሄደም» አለች ልጅቱ። «ተጣልታኝ ነው። እናቴ፣ አንቺን እኮ ነው። እዚህ የሚጠይቀን የለም ብላለች ስሜነሽ።»

«ወይ» አሉ እትዬ ሸጋ። ድምፃቸው ካሰቡት በላይ ወጣ፤ የአድማሴ ፈረስ ከሳሩ ላይ ቀና ብሎ አያቸው።