የባግዳዷ ዶሮ

ልጅ ሳለሁ ኢራቅ የምትባለው አገር የአያቴ ራዲዮ ውስጥ ያለች ይመስለኝ ነበር። አመሻሽ ላይ አያቴ ራዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቁልፉን ሲያዞሩ፣ መጀመሪያ እንደሚቆላ ሽምብራ የሚንጣጣ ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ «ባግዳድ» የሚል ቃል፣ ቀጥሎ የሞተ ሰው ቁጥር። ቢቸና ውስጥ የዚያን አገር ሰው በዓይኑ ያየ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ጨካኝ ነው፣ ክርስቲያን አይወድም፣ ሰው ማረድ ለሱ በግ እንደ ማረድ ነው ይባላል። ያኔ እኔም አምን ነበር። ሌላ የሚነግረኝ ማን ነበርና?

በኋላ የእናቴ ታናሽ እህት ጥሩነሽ ከዚያ መጣች። ዐረብ አገር ለቤት ሥራ ሄዳ፣ አሠሪዎቿ ወደ ባግዳድ ይዘዋት ገብተው፣ ጦርነቱ እዚያ ደረሰባት። ድምፅዋ ሲጠፋ ጊዜ ሞታለች ብለን፣ እናቴ ጥቁር ለብሳ ነበር። ከዓመት በላይ ቆይታ አንድ ከሰዓት በሞጣ አውቶቡስ ደርሳ በራችን ላይ ቆመች። ከስታ ብትመጣ ኖሮ አገሩ ሁሉ ያለቅስላት ነበር። እሷ ግን ጉንጯ ሞልቶ መጣች፤ ሰውም ጉንጯን አይቶ ፈረደ። «የእስላም ሥጋ ሳትበላ እንዲህ አትወፍርም» አለ።

አያቴ ቄስ ነበሩ። ልጃቸውን አቅፈው፣ ስመው፣ አልቅሰው ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠርገው «ቄደር ተጠመቂ» አሏት። ቄደር ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው የሚጠመቀው ጥምቀት ነው።

«ያልካድሁትን ካድሁ ብዬ አልጠመቅም» አለች እቴ፤ ወንድሜና እኔ እንዲያ ነበር የምንጠራት። ከአንገቷ ላይ ማተቧን ጎትታ አሳየቻቸው። «ይኸው አባባ። አልተበጠሰም።»

«ማተብማ ክር ነው። አፍሽ ምን በላ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴ ለብቻዋ በሳህን መብላት ጀመረች። ከመሶቡ ቆርሳ ሳህኗን የምትሞላው እናቴ ስትሆን የማደርስላት እኔ ነበርሁ። ከመሶቡ እስከ እቴ በርጩማ ድረስ ያለችው መንገድ አጭር ነበረች፤ ግን ሁሉም ዝም ብሎ ስለሚያየኝ እግሬ ይተሳሰርብኝ ነበር። ጾሙ ሁዳዴ ነበርና ሥጋም ወተትም እቤታችን አይገባም፤ ያችው ሽሮ ነች። ሽሮዋን ለሁለት ምን እንደሚከፍላት አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን እቴ እናቴን በሹክሹክታ ስታናግራት ሰማሁ። «ፋሲካን በተለየ ሳህን አልፈስክም። በስቅለት ማግስት እወጣለሁ። ደላላው እንደገና ይወስደኛል።» ሻንጣዋ አልጋው ሥር ተዘጋጅታ ነበር። አጎንብሼ አየኋት፤ እንደ ተቀመጠ ውሻ በሩን የምታይ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ፋሲካ እንዳይደርስ የምጸልይ አንዲት የቄስ ልጅ ልጅ ቢቸና ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መብራት ማታ ማታ ይጠፋ ነበር። ኩራዙ ይለኮሳል፣ ምድጃው ላይ የባሕር ዛፍ ፍም ይቀራል፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እኔና ወንድሜ እቴ እግር ሥር እንጠጋለን። እሷም የባግዳድን ነገር እንደ ተረት ትነግረናለች። አያቴ ከመደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። የሚጸልዩ ይመስላሉ። እኔ ግን መቁጠሪያውን አይ ነበር፤ ነገሩ ሲከር ጣታቸው ይቆማል።

ጦርነቱ ሲመጣ አሠሪዎቿ መኪና ላይ ዕቃ ጭነው ወጡ። «ቤቱን ጠብቂ፣ ለጎረቤት እንዳትከፍቺ፣ ሌቦች ናቸው» ብለው ትልቁን በር ከውጭ ቆለፉባት። ሰማዩ በጭስ ጠቁሮ ቀኑ ከሌሊቱ አይለይም ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ የመስኮቱ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። እቴ ደረጃው ሥር ተኝታ የሽንኩርት መክተፊያውን ቢላዋ ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች። የምትበላው ሩዝና ሽንኩርት አለቀ። ውኃም በታንከሩ ቂጥ ብቻ ቀረ።

«ያ ቤት ጣሪያው ሜዳ ነው፣ ይወጣበታል» አለችን። «አንድ ማለዳ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ከጎረቤቱ ጣሪያ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማ ታየኛለች። ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ናት። ልብሱን ጥዬ ሮጥሁ።»

በማግሥቱ ከግንቡ በላይ አንድ ፌስታል ዳቦ ተወርውሮ አገኘች። መርዝ ነው ብላ አልነካችውም፤ ወፎች በሉት። ወፎቹ ይሞቱ እንደሆን ተደብቃ ስትጠብቅ ዋለች። አልሞቱም። በሦስተኛው ዳቦ ረኃቡ አሸነፋትና በላች። ያኔ ሴትዮዋ ከግንቡ ወዲያ አንገቷን ብቅ አድርጋ ሳቀችባት። ኡም ሐሰን ይሏታል፤ የሐሰን እናት ማለት ነው። ሐሰን አንድ ልጇ ነው፤ ወታደር ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም። ባሏ ሞቷል። ጣሪያ ላይ የምትወጣው የልጇን መምጣት ለማየት ነበር፤ ከእቴ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራትም።

ሌላ ቀን እርጎና እንቁላል አመጣችላት። እቴ እጇን ወደኋላ ሰበሰበች። የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። «ትጸየፊናለሽ?» አለቻት። እቴ በዚያች በወጥ ቤት በለመደቻት ዐረብኛ ጾም ላይ መሆኗን አስረዳች። እስከ መቼ? እስከ ፋሲካ። ማታስ? ማታም ያው ነው። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ «እናንተ አገር ፀሐይ አትጠልቅም ወይ?» አለቻት። እዚህ ላይ ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ፤ ከመደቡ በኩልም አንዲት አጭር ሳል ሰማሁ። የአያቴ ሳቅ እንደዚያ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ኡም ሐሰን ምስርና ተምር ብቻ ታቀብላት ጀመር። በየቀኑም «ደረሰ?» እያለች ትጠይቃታለች።

ፋሲካ ሲደርስ ከተማዋ ተይዛለች፤ ዘራፊው በየመንገዱ ይተኩሳል። ያን ለት ጠዋት ሴትዮዋ ጣሪያው ላይ ወጣች። በአንድ እጇ እግሯ በጨርቅ የታሰረች ዶሮ፣ በሌላው ቢላዋ ይዛለች። ስለቱን ወደ ራሷ አድርጋ እጀታውን ለእቴ ዘረጋችላት። «እኛ ያረድነውን እንደማትበሉ ነግረሽኛል። እንደ ሃይማኖትሽ እረጂ» አለቻት።

የአያቴ መቁጠሪያ ቆመ። ቀጥሎም፣ በዚያ ሁሉ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

«አረድሽ እንዴ?»

«አባባ፣ ሴት ታርዳለች?»

እውነቷን ነው። እኛ አገር ወንድ የሌለባት ሴት ዶሮና ቢላዋ ይዛ ከደጇ ቆማ አላፊ አግዳሚ ትለምናለች እንጂ አታርድም። እቴ ያን ጣሪያ ላይ ቆማ፣ ስትራብ ከርማ፣ ቢላዋ በእጇ ዶሮ በእግሯ ሥር እያለ ማረድ አልቻለችም። ለሴትዮዋ ስታስረዳት ዕንባዋ መጣ።

«ታዲያ ማን አረደው? እሷ?» አሉ አያቴ።

እቴ ተነሳች። ኩራዙን አንስታ «ነገ እነግርዎታለሁ» አለቻቸውና ወደ ጓዳ ገባች። በጨለማ ቀረን። የአያቴ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ስቅለት ቀርቧል፣ ሻንጣዋ አልጋው ሥር ናት፣ የሁላችንም ነገር ባንዲት ዶሮ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ቀደም ብለው መጡ። ራዲዮውን አልከፈቱም፣ መቁጠሪያውንም ኪሳቸው ከተቱት። ፊታቸውን ወደ ፍሙ አድርገው ተቀመጡና «በይ» አሏት።

«ኡም ሐሰን ሰማችኝ» አለች እቴ። «ትንሽ አሰበች። ከገበያው ማዶ አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ አለ፣ ጫማ ሰፊ ነው፤ እሱን አመጣልሻለሁ ብላ ሻሿን አጠበቀች። አይሆንም፣ ይገድሉሻል አልኋት። ዶሮውን ጠብቂ ብላኝ ወረደች።»

እቴ ከግንቡ ተጠግታ ጠበቀች። ተኩስ ይሰማል። ሴትዮዋ በሄደችበት በኩል አንድ ሕንፃ ሲቃጠል ታያለች። ፀሐይ ራሷ ላይ ወጣች፤ የታሰረችው ዶሮ ጥላ ፍለጋ እየተንፏቀቀች ቀሚሷ ሥር ገባች። እቴ ዶሮዋን ልትፈታትና ልትለቃት አሰበች፤ ለኔ ሆድ ሰው ሞተ ብላ። የሐሰን እናት ልጇን ለመፈለግ እንኳ ያን ገበያ ተሻግራ አታውቅም ነበር፤ ፈርታ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በጎረቤቱ ደረጃ ላይ ሳል ተሰማ። ኡም ሐሰን አንድ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ደግፋ ወጣች። እግሯ ደምቷል፤ ጫማዋ የለም።

«ሽማግሌው ማተቤን አየና አማተበ» አለች እቴ። «ቀጥሎ ተቆጣኝ። የኛ ፋሲካ ባለፈው ሳምንት ወጣ፣ እናንተን ምን ጎተታችሁ? አለኝ። እያለቀስሁ ሳቅሁ። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብሎ አረደልኝ። ይኸው ነው አባባ። በላሁ። ከሱ ሌላ ሥጋ አልበላሁም።»

ፍሙ አመድ ለብሷል። አያቴ ማንም ያልጠበቀውን ጠየቁ።

«ሴትዮዋስ?»

«እሷ ምን?»

«ከዶሮው… በላች?»

«በላች። ከኔ ጋር ባንድ ሳህን።»

«እስላም ሆና?»

«እኔም ጠየቅኋት። ሽማግሌው የእግዜርን ስም ሲጠራ አልሰማሽም ወይ? አለችኝ።»

አያቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እኔ ስለ ሃይማኖት የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሰው ሲያፍር ያን ቀን አየሁ፤ ፈራሁም።

ስለ ቄደር ከዚያ ወዲህ ያነሳ የለም። እቴም ሻንጣዋን አልፈታችም። የስቅለት ማግሥት አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ፤ እሷ ጓሮ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ተስፋ አደርግ ነበር እንጂ እርግጠኛ አልነበርሁም፤ ሰኞም አውቶቡስ አለ።

የፋሲካ ሌሊት አያቴ ከቅዳሴ መጡ። ዶሮው ቀረበ፣ መሶቡ ተከፈተ። እናቴ በልማዷ ከሳህን መደርደሪያው የእቴን ሳህን አንስታ ጨለፈችላት፤ እኔም ላደርስ ተቀበልኋት። አያቴ «አምጪ» አሉኝ። ከእጄ ወስደው ወጡን ከነእንቁላሉ መሶቡ መሐል ገለበጡት። «ጥሩዬ፣ ነይ ቅረቢ» አሉ። ራሳቸው ጠቅልለው አጎረሷት። እቴ ጉርሻው አፏ ውስጥ እያለ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ እናቴም፤ ወንድሜ ብቻ እንቁላሉን ይጠብቅ ነበር።

በራችን አጠገብ ያለችውን ክፍል ከወሎ የተመደበ ሰይድ የሚባል ሙስሊም መምህር ተከራይቷት ነበር። አያቴ ያከብሩታል፤ በየበዓሉ ዳቦና ቆሎ ይልኩለታል። ሥጋ ግን የኛን እሱ፣ የሱን እኛ አንበላም፤ ይህን እንደ ጥንት ግድግዳ ማንም አይነካውም ነበር። ሲነጋ አያቴ በስጦታ ከመጡት ዶሮዎች አንዷን በእግሯ አንጠልጥለው ወጡ። ተከተልኋቸው። መምህሩ በሩን ሲከፍት ዶሮዋን ሰጡት፣ ቀጥሎም የቤታችንን ቢላዋ። ስለቱን ወደ ራሳቸው አድርገዋል።

«ልጄ፣ እንደ ሃይማኖትህ እረድ። ከኛ ጋር ፈስክ» አሉት።

እናንተስ እሱ ያረደውን በላችሁ ወይ የሚል ካለ፣ አልበላንም። አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ወግ አጥባቂ ቄስ ነበሩ። ዶሮዋ ግን በየፋሲካው ወደዚያች ክፍል መሄዷን አላቋረጠችም፤ ተከራይ ሲለወጥም እንኳ።

ሐሰን ይመለስ አይመለስ እቴ አላወቀችም። ቢቸና ቀርታ አግብታ ወለደች። ራዲዮው «ባግዳድ» ባለ ቁጥር ግን አያቴ እጃቸውን አንስተው ዝም ያሰኙናል፤ ቁጥሩ ሲነገርም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ማታ ሲጸልዩ የዘመድ ስም በክርስትና ስሙ እየጠሩ ይሄዱና አንድ ቦታ ይቆማሉ። ኡም ሐሰን የክርስትና ስም የላትም። አሁን እኔ ራሴ ልጆች አሉኝ፣ ጸሎት ላይም ሰነፍ ነኝ፤ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ያ የአያቴ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ቆም ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እንዲህም ይላል፦ «ያችንም አስባት ጌታዬ፤ ዶሮ ይዛ የወጣችውን።»