የመምህር ይግዛውን ኮምፒውተር ለማንቃት ወደ ሽንዲ

ቅዳሜ ማለዳ ከፍኖተ ሰላም የተነሳሁት የራሴን ጥፋት ለማረም ነው። መምህር ይግዛው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሽንዲ ላይ በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር የሰፈሩን ልጆች ያስተምራሉ። እኔም፣ የዛሬው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ መጀመሪያ ኪቦርድ የነካሁት በእሷ ነው። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ማን ጠይቆኝ እንደሆነ እንጃ፣ «ባዮሱን ያድሱት፣ ትፈጥናለች» ብዬ በስልክ መከርኳቸው። ባዮስ ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም ነው። እድሳቱ ሳያልቅ መብራቱ ደከመና ጠፋች፤ ከዚያ ወዲህ አልነቃችም። መምህር አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቡሬ፣ ሦስት ሰዓት

ሚኒባሱ በርበሬ በጆንያ ስለጫነ፣ ማንኩሳን አልፈን ቡሬ እስክንገባ ከሾፌሩ ጀምሮ ሁላችንም ስናስነጥስ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ ስማቸው የሚባል ጓደኛዬ በኮምፒውተሩ ውስጥ ልክ የመምህርን ዓይነት ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ፣ አለው። ባዮሱ የተጻፈበትን ባለስምንት እግር ቺፕ ነቅሎ፣ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በክብሪት ቀፎ አዋሰኝ።

«እግሩን ብትሰብርብኝ ሥራ ፈትቼ ቤትህ ነው የምመጣ» አለኝ።

ሽንዲ፣ ስድስት ሰዓት

ከቡሬ ወዲያ መንገዱ ያንገጫግጫል። የክብሪት ቀፎዬን እንደ እንቁላል ይዤ ደረስኩ። መምህር በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «መጀመሪያ እህል ቅመስ» ብለው የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ፤ እምቢ ማለት አይቻልም።

የመምህርን ቺፕ ነቅዬ የስማቸውን ሰክቼ ሳበራት ተነሳች። ሳላጠፋት፣ እንደበራች ጤነኛውን ነቅዬ የታመመውን የመምህርን ቺፕ መልሼ ሰካሁና ባዮሱን መጻፍ ጀመርኩ። ግማሽ ሳይደርስ ስክሪኑ ጠፋ።

«ጎረቤት ያለው ወፍጮ ነው» አሉ መምህር። «እሱ ሲነሳ መብራቱ ይደክማል። ያን ቀንም እሱው ነበር።»

የስማቸው ቺፕ ስነቅለው አንድ እግሩ ጎብጧል። ቀስ ብዬ ባቃናውም፣ ከአንድ ሙከራ በላይ እንደማይችል ገባኝ። ከተሰበረ ሁለት ኮምፒውተር ገደልኩ ማለት ነው።

ወፍጮ ቤት ሄድን። የገበያ ቀን ነውና ሰልፉ ደጅ ድረስ ወጥቷል። መምህር ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እናቶቼ፣ ወፍጮውን ሃያ ደቂቃ አቁሙልኝ። ኮምፒውተሬ ታማብኛለች።»

ተራ የደረሳቸው እትዬ ደብሬ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ጤፋቸውን አስመዝነው ጨርሰዋል፤ ቤታቸው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

«ልጄን ፊደል ያስቆጠሩት እርስዎ አይደሉ? ይቁም እንጂ» አሉ፣ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው።

ወፍጮው ሲቆም ከተማው እንዴት ጸጥ እንደሚል የሰማሁት ያኔ ነው። በስማቸው ቺፕ እንደገና አስነሳኋት፤ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ጻፍኩ። መምህር ትከሻዬን ይዘው እስኪያልቅ አልለቀቁኝም። አጥፍቼ ሳበራት አንዴ «ጢጥ» አለችና ስክሪኗ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በበርበሬው አላመካኝም።

በሩ ላይ እትዬ ደብሬ ቆመዋል።

«ዳነች?»

«ዳነች፣ እናቴ።»

«እግዜር ይመስገን። በሉ አሁን ወፍጮው ይነሳ፣ ጤፌን ላስፈጭ።»

መመለሻ

የስማቸውን ቺፕ በደህና መለስኩ፤ እግሩን በማጉያ መነጽር አየው። ከእንግዲህ ማንንም ባዮስ አድስ ከማለቴ በፊት ጎረቤቱ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። አመሻሹ ላይ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ባለቤቴ ቦርሳዬን ፈታችና መምህር ሲሸኙኝ የሰጡኝን የጤፍ ዱቄት አወጣች። ከእትዬ ደብሬ የተላከ ነው።

«የምን ደመወዝ ነው?» አለችኝ።

«ወፍጮ ስላስቆምኩባቸው ነው» አልኳት።